ፀሐይ መሞቅን የት ጣልነው?

እናቴ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ናት፤ ብርድ አታውቅም የሚላት የለም። ጠዋት ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ጋቢዋን ትደርብና በርጩማዋን ይዛ ትወጣለች፤ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ጎረቤት ሲያልፍ ይቆማል፣ ሰላምታው ወደ ወሬ ይሻገራል፣ ሌላዋም በርጩማዋን ይዛ ትጨመራለች። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ካለ ቅቤ ተቀብቶ ጭኗ ላይ ይንጋለላል። ሳድግ በየቀኑ ያየሁት ነገር ስለሆነ ቁም ነገሬ ብዬ አስቤው አላውቅም። ምን እንደነበር የገባኝ ስቶክሆልም ላይ ካጣነው በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በኖቬምበር ነበር። እናቴ የዘጠና ቀን ቪዛ ተሰጥቷት ልታርሰኝ መጣች። በርበሬውን፣ በሶውን፣ አብሹን ተሸክማ ገባችና ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ የሳሎኑን መጋረጃ ዘጋች። አራስ ቤት ነፋስ አይገባም፣ መስኮት አይከፈትም፣ ልጅቷም ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና እስክትነሣ ከደጅ አትወጣም። እኔም እሺ አልኩ። ሥርዓቱ ላገራችን መልካም ነው፤ የወለደች ሴት አርፋ፣ ሰው ከቧት፣ ገንፎዋን እየበላች እንድትጠነክር የታሰበ ነው። እዚህ ግን ከመጋረጃው ውጭ ያለው ቀን ሌላ ነበር።

በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ላስቀምጠው። ሰዓታችን ፀሐይን ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ስትወጣ አሥራ ሁለት ነው፣ ስትገባም አሥራ ሁለት ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ አጭር የሚባለው ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አለው። ዲሴምበር 21 ቀን ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትወጣው ለጠዋቱ 3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ሲሆን፣ የምትገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው። በቃ፣ ስድስት ሰዓት። እሱም ደመና ከሌለ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ ከፍ የምትለው ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፎቅ በበዛበት ሰፈር ጣሪያውን አልፋ መሬት ሳትነካ ትመለሳለች። ወደ ሰሜን ኪሩና ወይም ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ ላይ ደግሞ ለሳምንታት ጭራሽ አትወጣም።

ከሕፃናት ጤና ክትትል ነርስ ቤት ድረስ መጣች። ልጅቷን መዘነች፣ ለካች፣ በየቀኑ 5 ጠብታ የምትሰጪያት ብላ ቫይታሚን ዲ ሰጠችኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት የወጣሽው መቼ ነው?» አለችኝ። በልቤ ቆጠርኩ። ከሆስፒታል ከተመለስኩ 19 ቀን ሆኖኝ ነበር። መልሱን ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። እናቴ ደነገጠች፤ ነርሷ ግን አልደነገጠችም፤ ተነሥታ መጋረጃውን ከፈተችው።

ይህን የምጽፈው በየዓመቱ ኦክቶበር መጨረሻ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ በመካከላችን አንድ ዓይነት ወሬ ስለምሰማ ነው። «ብርዱ ጀመረ፣ በርታ፣ እስከ አፕሪል ነው።» ጠላታችን ብርዱ ይመስለናል። ብርድ መድኃኒት አለው። ስዊድንም ኖርዌይም ውስጥ «መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» ይባላል፤ ስለ ብርድ ከሆነ እውነታቸውን ነው። ከሥጋ ጋር የሚነካካው ልብስ ከበግ ፀጉር የተሠራ ይሁን፤ ጥጥ ላብን ይዞ ያቀዘቅዛል። ይህን ለእኛ ማስተማር አያስፈልግም፣ መንዝ ባናውን ሲሠራ ኖሯል። ጫማ ወፍራም ካልሲ እንዲያስገባ በአንድ ቁጥር ከፍ ይበል፤ መንገዱ ሲያንሸራትት ሶሉ ላይ የሚጠለቅ ባለ ሹል ጎማ ይደረግ፤ እዚህ ብሮዳር ይሉታል። አንጸባራቂም ሳይንጠለጠል አይወጣም። ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ለሾፌር የሚታየው ከ25 ወይም ከ30 ሜትር ሲሆን፣ አንጸባራቂ ያደረገ ግን ከ125 ሜትር ይታያል፤ ፊንላንድ ውስጥ በጨለማ ለሚሄድ እግረኛ በሕግ ግዴታ ነው። ቤታችንም አይበርድም፤ አብዛኛው የስዊድን ኪራይ ማሞቂያን ይጨምራል።

የሚጎዳን ጨለማውና በጨለማው ምክንያት በር ዘግተን መቀመጣችን ነው። እዚህ ላይ ሁለት የራሳችን ልማዶች ተጋጭተውብናል። አንዱ የእናቴ ፀሐይ መሞቅ ነው። ሌላው የነፋስ ፍርሃታችን። አገር ቤት በታክሲ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሙቀቱ ያፍናል፣ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ወደዚህ ስንመጣ ሁለተኛውን ይዘን የመጀመሪያውን ጣልነው። ልጆቻችን ከሚውሉበት መዋዕለ ሕፃናት የሚሰማን ትልቁ ቅሬታም ይኸው ነው፤ በረዶ እየጣለ ውጭ ያጫውቷቸዋል፣ ጨቅላዎቹን በጋሪ ደጅ ያስተኟቸዋል እንላለን። የታመመ ልጅ ቤት ይዋል፣ ትክክል ነው። በደንብ የለበሰ ጤነኛ ልጅ ግን በቀን ውስጥ ያለችውን ትንሽ ብርሃን የሚያገኘው በዚያች ሰዓት ነው። እኛ ወላጆቹ ያን ያህል እንኳ አናገኝም።

የቫይታሚን ዲ ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ በመካከላችን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራበታልና። በዚህ ኬክሮስ በክረምት ወራት ፀሐይ ብትወጣም ቆዳችን ቫይታሚን ዲ ለማምረት የሚበቃ ጉልበት የላትም። ጥቁር ቆዳ ደግሞ በበጋውም ቢሆን ከነጩ የበለጠ ጊዜ ፀሐይ ላይ መቆየት ይፈልጋል። ስለዚህ ከምግብ ወይም ከእንክብል መገኘት አለበት። ስዊድን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ቫይታሚን ዲ በግዴታ የሚጨመርባቸውን ምግቦች አብዝታለች፤ ቅባቱ ቀላል የሆነ ወተትና ከአጃ የሚሠራው መጠጥ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። እኛ ኦርቶዶክሶች ጋ ግን አንድ ነገር አለ፤ የገና ጾም የሚጀምረው ኅዳር 15 ነው፣ የሚያልቀውም በገና ዋዜማ። የዓመቱ ጨለማ ልክ በዚህ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ወተቱን እንተዋለን፣ በምትኩ ሽሮና ምስር እንበላለን፣ ከነዚህ አንዱም ቫይታሚን ዲ የለውም። ጾሙን ማንም እንዲተው አልልም፤ እኔም እጾማለሁ። የአጃ ወተት ሲገዛ ግን ካርቶኑ ላይ ቫይታሚን ዲ እንደተጨመረበት ይነበብ፤ ድካምና የአጥንት ሕመም የሚሰማውም ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። ሰውነታቸውን ሸፍነው ለሚለብሱ ሙስሊም እህቶቻችን ይህ በበጋም የሚሠራ ምክር ነው።

ታዲያ ቆዳ ላይ ካልሠራች በዲሴምበር ፀሐይ ምን ይፈየዳል? በዓይን የሚገባው ብርሃን ነው ሥራውን የሚሠራው። ለሰውነት መቼ ንቃ፣ መቼ ተኛ የሚለውን የሚነግረው እሱ ነው፤ ደመናማ ቀን እንኳ ከሳሎን አምፖል እጅግ ይበልጣል። ክረምት እየጠበቀ የሚመጣውን ድባቴ በ1984 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር በሕክምና ጽሑፍ የገለጸው ኖርማን ሮዘንታል የተወለደው ጆሃንስበርግ ነው። ፀሐያማ አገሩን ትቶ ኒው ዮርክ ሲገባ፣ ቀኑ ሲያጥር ጉልበቱ እንደሚከዳው በራሱ ላይ አይቶ ነበር የጀመረው። ይህን ሳነብ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ሥራ ፈትነት አይደለም፣ ምስጋና ቢስነትም አይደለም፣ የተጻፈ ስም ያለው ነገር ነው። ለዚህ የሚሆን 10,000 ለክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) የሚያበራ መብራትም ይሸጣል፤ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ፊት ለፊቱ ይቀመጡበታል። የዓይን ሕመም ያለበት ወይም ስሜቱ ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

መብራቱ ሁሉም ጋ ላይኖር ይችላል፤ የእረፍት ሰዓት ግን አለ። ብዙዎቻችን የምንሠራው አረጋውያንን በመንከባከብ፣ በጽዳት፣ አውቶቡስ በመንዳት ነው። በጨለማ ወጥተን በጨለማ እንገባለን። የስዊድን የሥራ ሰዓት ሕግ ማንም ያለ እረፍት ከ5 ሰዓት በላይ በተከታታይ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ በዚያ እረፍት ሠራተኛው ከሥራ ቦታው ወጥቶ መሄድ ይችላል። እኛ ግን ምሳ ዕቃችንን ይዘን መስኮት በሌለው ክፍል ስልካችን ላይ እናቀረቅራለን። እኔ ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው ሰማንያዎቹን ያጋመሱ ስዊድናዊት በየቀኑ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ብሮዳራቸውን ያጠልቁና ምርኩዛቸውን ይዘው ይወጣሉ። ዝናብ ቢሆን፣ በረዶ ቢሆን፣ ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ዞረው ይመለሳሉ። «ስለምወደው አይደለም የምወጣው፣ ጥርሴን እንደማጸዳው ነው» አሉኝ አንድ ቀን። ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ደስ እስኪለን ከጠበቅን አንወጣም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ዝምታችን ነው። ከአገር ቤት ሲደወል «እንዴት ነሽ?» «ተመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው።» ብርዱ ብቻ! ሶፋ ላይ ሦስት ቀን ተኝቶ የሰነበተ ሰው ይህን ይላል። እውነቱን ቢናገር እዚያ ያሉት ይጨነቃሉ፣ ወይም ጠገበ ይሉታል፤ ገንዘቡን የሚጠብቁት ሰው እንዴት ደከመኝ ይላል? ቢያንስ እዚህ ላለው ወዳጅ ይነገር። ሁለት ሳምንት ያለፈው ድብርት ሲሆን ጤና ጣቢያ ይኬድ፤ ስዊድን ውስጥ 1177 ቢደወል ወዴት መሄድ እንዳለበት ይነግሩታል። መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ግን አንድ ቀን አይጠበቅም፤ በ112 ይደወል።

አንዳንዶች፣ ችግሩ ብቸኝነትና የሥራው ክብደት ነው እንጂ ፀሐይ አይደለም፣ ይሉኛል። ግማሹን እቀበላለሁ። ለዚህም ነው ዋናው ሐሳቤ ለማኅበሮቻችንና ለአብያተ ክርስቲያናችን፣ ለመስጊዶቻችንም የሚሆነው። ከቅዳሴ ስንወጣ እኩለ ቀን ነው። ወዲያው ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ እንወርዳለን፣ ጠበል ጸዲቁን እንቀምሳለን፣ ቡና ይፈላል፣ ስብሰባ ይከተላል፤ ስንወጣ ጨልሟል። በሳምንቱ አብረን በምንሆንበት አንድ ቀን፣ ያለችንን ብርሃን ሁሉ ከመሬት በታች ጨረስናት። የልጆች የአማርኛ ትምህርትም፣ የዕድሩም ስብሰባ እንዲሁ ነው። አዳራሽ የሚገኘው በዚያ ሰዓት ብቻ ነው ይባላል፤ ሜዳ ግን ኪራይ የለውም። የስቶክሆልም ሰፈሮች የሆኑትን ሁስቢና አካላን ከሪንከቢና ቴንስታ የሚለየው የዬርቫ ሜዳ ገላጣ ነው፤ ፀሐይዋን የሚጋርድ ሕንፃ የለበትም። ምግቡ አንድ ሰዓት ይዘግይና በፊት እንሂድበት። ጃንዋሪ 6 ደግሞ በስዊድን የሕዝብ በዓል ስለሆነ የገና ዋዜማችን ቀን ብዙ ሰው ከሥራ ነፃ ነው፤ ቀትሩን ለዚህ እናውለው። ልማድ ይፈጠራል። ዛሬ የስዊድን ልጆች በፌብሩዋሪ ገደማ በበረዶ የሚጫወቱበት የትምህርት ቤት ዕረፍት የተጀመረው በ1940 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሞን ለማሞቂያ የሚነደውን ለመቆጠብ ነበር።

እናቴ ቪዛዋ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ በፌብሩዋሪ፣ ሰማዩ ጠራ። ከነርሷ ቀን ጀምሮ እየተጨቃጨቅንም ቢሆን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወጣን ነበር። ልጅቷን በጋሪ ይዘን የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ጋ ስንደርስ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ፊታቸውን አቅንተዋል፣ አንዳቸውም አይናገሩም። እናቴ ቆማ ስታያቸው ቆየች። «እነዚህም ይሞቃሉ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ የጋሪውን ሽፋን ገለጥ አድርጋ፣ ነጠላዋን ከግንባሯ ወደ ኋላ መልሳ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ክፍት ቦታ ፈልጋ ቆመች። ሽማግሌው ዓይኑን ሳይገልጥ ትንሽ ጠጋ አለላት።

ዘንድሮ ከኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ ከአካላ በኩል ወደ ሜዳው በሚያስወጣው የእግር መንገድ ላይ እሆናለሁ። ሁለት ፔርሙዝ ቡና አለኝ፣ ስኒ የሚይዝ ሰው ያስፈልገኛል።