የክረምት ሞግዚት ስንት ይከፈላታል?

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የወላጅ ፊት ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ "ምነው ትንሽ ባረፉ" ያልንላቸው ልጆች ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሶፋውን ያፈርሱታል። ውጭው ዝናብ ነው። ኮንዶሚኒየም ደግሞ መሮጫ የለውም፤ ከሳሎን የተነሳ ልጅ ሦስት እርምጃ ሳይሞላ ማድ ቤት ይገባል። እናትና አባት ሥራ ናቸው፣ አያት ክፍለ ሀገር ናቸው። እና ለሁለት ወር፣ ለግማሽ ቀን፣ ልጅ የሚይዝ ሰው ይፈለጋል።

ሰው አላጣንም። ዩኒቨርሲቲው ለክረምት የሸኛት የጎረቤት ልጅ አለች። ጨዋ ናት፣ ልጆቹም ይወዷታል። ጭንቁ ያለው ስንት እንክፈላት የሚለው ላይ ነው።

ከሕግ መልስ አይገኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ጋ ሲደርስ "ይህንን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነው" ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ዋጋ የሚቆረጠው ቡና ላይ ነው።

የብሎካችን ቡና ብሔራዊ ባንክ ነው። አቦሉ ሳይቀዳ "አደራ፣ ዋጋ እንዳታስወድዱብን!" ይባላል። አንዷ "እኔ አምና ሁለት ሺህ ነው የከፈልኩት" ትላለች። ሦስት ሺህ ነው የከፈለችው፤ ሠራተኛዋ ራሷ ነግራናለች። ቡና ላይ የሞግዚት ደመወዝ ይቀነሳል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይጨመራል። ይህ ያልተጻፈ ደንብ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ያኛው፣ ዋናው ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይት ተከተለ፣ ዳይፐር ተከተለ፣ ማኪያቶም አልቀረ። የብሎካችን ባንክ ግን ፍንክች አላለም። የሞግዚት ደመወዝ ዛሬም በድሮው ተመን ነው።

ሌላው ጣጣ ይሉኝታ ነው። የልጅቷን እናት ስንጠይቃት "ኧረ በሞቴ! የምን ክፍያ? ቤት ተቀምጣ ስልክ ከምትጎረጉር! ልጆቻችሁ እኮ ልጆቼ ናቸው" አለች። ይህን ሰምቶ በነፃ የሚያሠራ ሰው ካለ ስሙ እስከ ዕድር ስብሰባ ድረስ ይነሳል። ስንጫናት "እንግዲያው ደስ ያላችሁን" አለች። ይሄ ባሰ። ደስ የሚለን እኮ ዜሮ ነው! ልጅቷ አቀርቅራ መሬት መሬት ታያለች። አካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ አንድም ቁጥር አላመለጣትም።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ሂሳብ ውስጥ ገባን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፤ በወር መቶ ሰዓት ገደማ። ሦስት ሺህ ብንላት በሰዓት 30 ብር ይመጣል። እኛ ሰፈር ማኪያቶ 100 ብር ነው። የእኛን ልጅ ከሦስት ሰዓት በላይ ስታባብል ቆይታ አንድ ማኪያቶ ትጠጣለች፣ ያለ ኬክ።

"ታዲያ ማኪያቶ ምን ያደርግላታል?" አለች ባለቤቴ፣ የራሷን እየጠጣች።

ደግሞ "ሥራው ልጅ መያዝ ብቻ ነው" እንላለን። ብቻ! የአራት ዓመቱ ልጃችን ፍርፍር የሚበላው እየተዘዋወረ ነው። አንድ ጉርሻ በር ላይ፣ አንድ ጉርሻ ደረጃ ላይ፣ ሌላውን የጎረቤት ድመት ካየ በኋላ። መሃል ላይ መብራት ይጠፋል፣ ካርቱኑ ይቋረጣል፣ ለቅሶው ይቀልጣል። "እግረ መንገድሽን ሽንኩርቷን ላጥ ላጥ አድርጊያት" የምንለው ያኔ ነው። እግረ መንገዷን ልብስ ከገመድ ታነሳለች። እግረ መንገዷን ውሃ ሲመጣ በርሜሉን ትሞላለች። ለእግረ መንገድ ደመወዝ የቆረጠ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቱ የመስከረም ምዝገባ ወረቀት ላከ። ጭማሪ አለው። ዩኒፎርሙም ተቀይሯል። ትንፍሽ ሳንል ከፍለን ደረሰኙን እንደ ካርታ አስቀመጥን። ቤት ገብተን ለልጅቷ አምስት መቶ ብር እንጨምር አንጨምር እያልን እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን። ትምህርት ቤቱ እኮ በክረምት አንዲት ቀን እንኳ አይዝልንም።

በመጨረሻ አምስት ሺህ ቆረጥን፣ ምሳ ከእኛ ጋር። ስንነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

"ሽንኩርቱን ጨምሮ ነው?"

ያለ ሽንኩርት ተስማማን።

ወሬው በማግስቱ ብሎኩን አዳረሰ። ያቺ "ዋጋ እንዳታስወድዱብን" ባይዋ፣ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን፣ በር አንኳኳች። "አምስት ሺህ? ገበያውን ገደላችሁት እኮ! እኛ ነገ ሰው ስንፈልግ ምን ልንሆን ነው?" አለች። ቡና ጠጪ ብንላት እምቢ አለች። ተኮሳትራ ወጣች።

ደረጃው ላይ ልጅቷን አገኘቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ግን ምስጢር አይቋጥርም።

"የኔ ቆንጆ፣ ከሰዓት በኋላ ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ጋ ነይ፣ ከእነሱ አምስት መቶ እጨምርልሻለሁ። ቡና ላይ ከጠየቁሽ ግን ሁለት ሺህ ነው በያቸው።"