ሳይፍቁ የሚጽፉ

ጎረቤቴን እትዬን ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። ዕድሜያቸው ከ55፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም ከ15 ዓመት በላይ ስለሆነ በአስተርጓሚ በአማርኛ መፈተን ይችሉ ነበር። የዚያን ጊዜው ፈተና 100 ጥያቄ ነበረው፤ ፈታኙ እስከ 10 ይጠይቅና 6 የመለሰ ያልፍ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቡና እየቆሉ «የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ሦስት ቃላት ምንድን ናቸው?» አልኳቸው። «እኛ ሕዝቡ» አሉና በጣታቸው ቆጠሩ። «ሁለት ናቸው እኮ! ሦስተኛው የት ሄደ?»

ሦስተኛው፣ የእንግሊዝኛው «the»፣ «ሕዝቡ» ጫፍ ላይ የተለጠፈችው «ኡ» ናት ብዬ አስረዳኋቸው። አልተዋጠላቸውም። ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጡ፦ «እኛ ያሉት እነማን ናቸው?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ በር ዘግተው፣ በበጋው ሙቀት፣ አራት ወር ገደማ የተከራከሩት 55 ወንዶች ናቸው። ሴት የለችም፣ ጥቁር የለም። ሮድ አይላንድ የተባለችው ግዛት ጭራሽ ተወካይ አልላከችም። በመጨረሻ የፈረሙት 39 ሲሆኑ፣ እስከ መጨረሻው ቀን የቆዩ ሦስት ሰዎች አንፈርምም ብለዋል። ባሪያዎችንም ለምክር ቤት መቀመጫ ሲቆጥሩ አንዱን ሰው ከአምስት እጅ ሦስት እጅ አድርገው ነው።

እትዬ ማማሰያውን አስቀመጡት። «ሁለቱ እጅስ የት ገባ?»

ነገሩ ላይ ላዩን ከሚመስለው የከፋ ነው። ባሪያዎቹ ሙሉ ሰው ሆነው ይቆጠሩ ያሉት ባሪያ አሳዳሪዎቹ የደቡብ ግዛቶች ነበሩ፤ ቁጥራቸው በበዛ መጠን መቀመጫቸው ይጨምራላቸዋል፣ ድምፅ የሚሰጠው ግን ጌታው ብቻ ነው። ጭራሽ አይቆጠሩ ያሉት ሰሜኖቹ ናቸው። ሦስት አምስተኛው የገበያ ስምምነት ነበር። ጽሑፉም «ባሪያ» የምትለውን ቃል አንድ ቦታ እንኳ አይጠራም፤ «ሌሎች ሰዎች» ብሎ ያልፋል። አፍረው እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ይመሰክራል?

እኔን የሚገርመኝ ግን ያ አንቀጽ ዛሬም መታተሙ ነው። አሜሪካኖች ሕገ መንግሥታቸውን ሲያሻሽሉ አሮጌውን አይፍቁም፤ አዲሱን ከሥር ይጨምራሉ። እስካሁን 27 ጊዜ ጨምረዋል። 18ኛው ማሻሻያ መጠጥ መጥመቅና መሸጥ ከለከለ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ደግሞ 21ኛው ሻረው፤ ሁለቱም እዚያው ተቀምጠዋል። («ጠላም?» አሉ እትዬ። ጠላም።) ባርነትን ያስቀረው 13ኛው ማሻሻያ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። ይህ ግን በብዕር ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮች ያለቁበት የእርስ በርስ ጦርነት አልፎ ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ ማምለክ አይገባም፤ ነውሩን ግን በኪስ በሚያዝ መጽሐፍ ውስጥ ማንም ገልጦ ያነበዋል።

እኛ ደግሞ ፍቀን ሳይሆን ቀድደን ነው የምንጽፈው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው ሰጡ፤ 55 አንቀጾች ነበሩት፣ ከፊላደልፊያዎቹ ሰዎች ቁጥር ጋር መገጣጠሙ እንዲያው ያስቀኛል። የ1948ቱም ከዙፋኑ የመጣ ነበር፤ ከዙፋኑም ጋር ሄደ። የ1980ው አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከደርግ መንግሥት ጋር ወደቀ። የ1987ቱም «እኛ» ብሎ ይጀምራል፦ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች»። የቀደሙትን ሦስቱን ማንበብ የፈለገ ወጣት ለየብቻ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ምን ሽረን ምን እንዳስቀረን አስተያይቶ ማየት የማንችለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ክርክራችንም ሁሌ ከዜሮ ይጀምራል።

እትዬ ተፈተኑ። ስድስቱን በተከታታይ ስለመለሱ ፈታኙ እዚያው አቆመ። ያን ሁሉ የቆጠሩለትን ጥያቄ ሳይጠይቃቸው ቀረ፤ እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል።