ጀበና ላንጋኖ ወረደች

መስሪያ ቤታችን ለቲም ቢልዲንግ ላንጋኖ እንሄዳለን ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈ ቀን ወንዶቹ ያወሩት ስለ በግ ነው፣ ስንት በግ ይታረዳል፣ ቢራው በነፃ ነው ወይስ በኩፖን ምናምን። እኛ ሴቶቹ ግን ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ያለችውን አንዲት መስመር አንብበን ቀጥ አልን፦ "ተሳታፊዎች የዋና ልብስ እንዲይዙ ይመከራል።" ይመከራል! መካሪ አያሳጣን እንግዲህ።

እኔ ዋና የማውቀው ሶደሬ ነው፣ እሱም ልጅ ሆኜ በአባቴ ቲሸርት። ያኔ ስለ ሰውነት ቅርፅ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም፣ ጭንቀቱ ጦጣዎቹ ዳቦውን እንዳይወስዱት ነበር። አሁን ግን ሰላሳ አራት አመቴ ነው፣ ጉልበቴን ያየው ባሌና አንድ የአጥንት ሀኪም ብቻ ነው፣ እና ድንገት ከፋይናንስ ክፍል ጋር በዋና ልብስ ልተያይ ነው።

ጓደኛዬን ሳማክራት "መጀመሪያ ቦዲ ታይፕሽን እወቂ" ብላ የሆነ ነገር ላከችልኝ። ከፍቼ ሳየው የአትክልት ተራ የዋጋ ዝርዝር ነው የሚመስለው፣ አፕል ነሽ? ፒር ነሽ? ባናና ነሽ? እኔ ደሞ ፒር የሚባል ፍሬ በህይወቴ ቀምሼ አላውቅም፣ አፕልም ዋጋውን ከሰማሁ ወዲህ ከሩቅ ነው የምንተያየው፣ በማላውቀው ፍሬ ራሴን እንዴት ልመዝን? እናቴ ትሻላለች ብዬ "እማዬ፣ እኔ ግን ምንድነው የምመስለው?" አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቀና እንኳን ሳትል "አባትሽን ነዋ፣ ቁርጥ አባትሽን" አለችኝ። አባቴ ሲቀመጥ ጋዜጣውን ቦርጩ ላይ አስደግፎ የሚያነብ ሰውዬ ነው። ለሱ የሚሆን ምድብ ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚ ፍራፍሬውን ትቼ ኩሽና ገባሁ። ለካ የሀበሻ ሴት ቅርፅ ተሰርቶ ያለቀው እዛ ነው። እነሱ አወር ግላስ የሚሉት ሞሰብ ነው፣ ከላይ ሰፋ፣ ወገቡ ላይ ሰርጎድ፣ ከታች ደሞ መልሶ ሰፋ። ባናና የሚሉት ዘነዘና ነው፣ ከራስ እስከ እግር አንድ አይነት። ትከሻዋ ሰፍቶ ታቿ የሚቀጥነው ዋንጫ ናት። አፕሏ ያው ከበሮ ናት፣ ክብሩ መሀል ላይ ነው። ፒር ያሉኝ ደሞ ጀበና ሆኖ ተገኘ፣ አንገት ቀጭን፣ ትከሻ የለም፣ ሁሉም ነገር ወደታች ወርዶ የተቀመጠ። መስታወት ፊት ቆምኩ። ጀበና ነኝ። ለዛውም ጡት ያለው ጀበና አይነት አይደለሁም፣ እጄን ወገቤ ላይ ሳደርግ ጆሮው ሁሉ ወጣልኝ።

ጓደኛዬ የላከችልኝን ምክር አንብቤ ስጨርስ ጠቅላላ ሀሳቡ ማታለል ነው። ጀበና ከሆንሽ የሰው አይን ወደላይ እንዲወጣ ደረትሽ ላይ ክሽክሽና ደማቅ ቀለም፣ ታችሽን ጥቁር። ከበሮ ከሆንሽ ሆድሽ ላይ ጨርቁ የተሸበሸበ፣ አንገቱ በቪ ወረድ ያለ። ዘነዘና ከሆንሽ ወገብ ባይኖርሽም ወገብ ያለ የሚያስመስል ቀበቶ ነገር። ዋንጫ ማንገቻው ሰፋ ያለ ሆኖ ከታች አጠር ያለች ቀሚስ ያላት ታድርግ። ሞሰብ ላይ ስደርስ ምን ይላል፣ "ያሻሽን ልበሺ፣ ሁሉም ያምርብሻል"። ድሮስ። ሞሰብ የሆነች ሴት መች ይሄን ታነባለች፣ እሷ ይሄኔ ውሃው ውስጥ ነች።

ቢኪኒን ደሞ አስቤው ነበር፣ አልዋሽም፣ ሶስት ደቂቃ ያህል። ከዛ ታሪኩን አነበብኩት። ሉዊ ሬያር የሚባል ፈረንሳዊ፣ መሀንዲስ የነበረ ሰው፣ የእናቱን የውስጥ ልብስ ንግድ ተረክቦ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 28 ቀን 1938 ፓሪስ ውስጥ አንድ የመዋኛ ገንዳ ጋ ለህዝብ አቀረበው። ስሙን ያገኘው አሜሪካ ከአራት ቀን በፊት አቶሚክ ቦምብ ከሞከረችበት ቢኪኒ ከሚባል ደሴት ነው። ሞዴሎቹ ይሄንንማ አንለብስም ስላሉት ሚሼሊን በርናርዲኒ የምትባል የካዚኖ ደ ፓሪ ዳንሰኛ ነች የለበሰችለት። ማለት ፓሪስ ውስጥ የፓሪስ ሞዴል ያፈረችበትን ነገር እኔ የሰው ሀይል አስተዳደር ፊት ልለብሰው? ሬያር እንደውም በጋብቻ ቀለበት ውስጥ ተስቦ ካላለፈ እውነተኛ ቢኪኒ አይደለም ብሎ ያስተዋውቅ ነበር ይባላል። እኛ ጋ ደሞ በቀለበቱ ማለፍ ያለባት ሴትየዋ ናት፣ "መጀመሪያ አግቢ፣ ከዛ ከባልሽ ጋር እንደፈለግሽ"። አግብተሽ ስትጨርሺ ደሞ "ያገባች ሴት አይደለሽ እንዴ?"

በቃ ሙሉውን ነው ብዬ ወሰንኩና ቴሌግራም ገባሁ። ዋጋ ስንት ነው? "በውስጥ መስመር።" ሳይዝስ? "ፍሪ ሳይዝ ነው ውዴ።" ፍሪ ሳይዝ ማለት ለማንም የማይሆን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ካለ አሁን ይወቅ። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ደሞ ሞሰብ ናት፣ ሁሌም ሞሰብ ናት፣ አንድ ቀን እንኳን ከበሮ አስለብሰው አያሳዩንም።

ቦሌ አንድ ሱቅ ሄድኩ። መልበሻ ክፍሏ መጋረጃዋ አንዱን ጎን ስትስቢ ሌላውን የምትከፍት ናት። ልጅቷ የዋና ልብስ መሆኑን ስታይ "የኔ እህት፣ ይሄ እንኳን በገላ አይለካም፣ በሱሪሽ ላይ ለክኪው" አለችኝ። ንፅህናው ነው፣ ትክክል ነች፣ ግን እስቲ አስቡት፣ ጂንስ ሱሪና ሹራብ ላይ ጥቁር ዋና ልብስ፣ ደረቱ ላይ ቢጫ ክሽክሽ። ምክሩ ደሞ ስትለኪ ቁጭ በይ፣ ጎንበስ በይ፣ እጅሽን ወደላይ አንሺ ይላል። አደረግኩታ። ከሱቁ በር ላይ ጥበቃው አንገቱን ብቅ አድርጎ አየኝና ቀስ ብሎ መለሰው፣ ብዙ አይቷል መሰለኝ።

"ጠበበኝ" አልኳት። "ውሃ ሲነካው ላላ ይላል፣ ጠበቅ አድርጎ ነው የሚገዛ" አለች። ይሄ እውነት ነው፣ ሲረጥብ ይላላል፣ የገንዳ ክሎሪን ደሞ ላስቲኩን ቶሎ ይበላዋል፣ ከዋና በኋላ በንፁህ ውሃ ካላጠብሽው በሁለት ወር ተንዘላዝሎ የምናምን ከረጢት ይሆናል። ነጩንም አየሁት፣ ገበር የለውም፣ ገበር የሌለው ነጭ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግርም። ጥቁሩን ያዝኩ። ስንት? 4,800 ብር።

እዚጋ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዛ በፊት በነበረው ሳምንት የደሞዝ ጭማሪ ማመልከቻ ለአለቃችን አስገብተን ነበር፣ ሁለት ገፅ፣ "ደሞዛችን ከወር አስቤዛ እንኳን የማያሻግረን በመሆኑ" የሚል። የፃፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚ ልጅቷን "ባይሆነኝ ትመልሺልኛለሽ?" አልኳት። "ታጉን እንዳትበጥሺው ብቻ" አለችኝ። ታጉ የፕላስቲክ ነው፣ ዋጋው በወፍራም ማርከር የተፃፈበት፣ ጀርባው ላይ ማንገቻው ጋ የተንጠለጠለ። አልበጠስኩትም።

ቀኑ ደረሰ፣ ሞጆን መቂን ባቱን አልፈን፣ መቂ ላይ ግማሹ ሰው ሽንኩርትና ቲማቲም ካልገዛን ብሎ አውቶብሱን አስቁሞ፣ ላንጋኖ ገባን። ያኔ ነው ያ ሁሉ ያነበብኩት ምክር አንድ ትልቅ ነገር እንደዘለለ የገባኝ። ዋና ልብስ የሚመረጠው በሰውነት ቅርፅ አይደለም ጎበዝ፣ አጠገብሽ በሚቆመው ሰው ነው! ከእህትሽ ጋር ከሆንሽ ጀበና ሁኚ ምጣድ ሁኚ ማንም ግድ የለው። አለቃሽ ባለበት ግን ለየትኛውም ቅርፅ የሚሆን ዋና ልብስ አልተሰራም። ለምሳሌ አለቃችን ሲመጡ ከተቀመጥንበት ብድግ ማለት ልማዳችን ነው። በዋና ልብስ ብድግ ይባላል? "ኧረ በእግዜር፣ አትነሱ" ሲሉስ በምን አይናቸው ነው የሚሉት? ራቁት ትከሻ ይዞ "ደህና ዋሉ ጋሼ" ማለት አፍ ላይ ይያዛል፣ አንቱታ ለካ ከኮት ጋር ነው የሚሄደው።

እሳቸውም ቢሆኑ ተጨንቀዋል። የማንቸስተር ቁምጣ በጥቁር ካልሲ አድርገው መጡ፣ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ውስጥ እያንቃጨሉ። ወንዶቹማ ስለ ቦዲ ታይፕ አያነቡም ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ሴት ባለፈች ቁጥር ሁሉም ትንፋሹን ስቦ ቦርጩን ያስገባል፣ ስታልፍ ደሞ ኡፍፍ ብለው በአንድ ላይ ይለቁታል፣ አየር ጤና የሚሄድ አውቶብስ በሩን ሲከፍት በሉት። እነዚሁ ሰዎች ናቸው እኮ በ2008ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ሲዋኝ በቦርጩ አገር ምድሩን ያሳቁት። ልጁ ከምድቡ መጨረሻ ወጥቷል፣ ልክ ነው፣ ግን 65 ሰከንድ አልሞላበትም። የኛ መስሪያ ቤት ሰው በ65 ሰከንድ ከምድር ቤት ሶስተኛ ፎቅ አይደርስም፣ ለዛውም ሊፍቱ ሲሰራ።

እና ምን ተደረገ፣ የተደረገው ሀበሻ ሁሌ የሚያደርገው ነው። መስሪያ ቤቱ "አንድ ላይ ወደፊት" የሚል ቲሸርት አሳትሞልን ነበር፣ ሁሉም ኤክስ ኤል። አንዷ ከዋና ልብሷ ላይ ደረበችው። ሌላዋ ተከተለች። እኔም ያ የ4,800 ብር ክሽክሽ ላይ ቲሸርቱን ጣል፣ ከታች ታይት ጨመርኩ። ሞሰቧ ሳትቀር! በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሞሰብ፣ ዘነዘና፣ ዋንጫ፣ ከበሮ ሁላችንም አንድ አይነት ጆንያ ሆንን።

ውሃው ውስጥ ስገባ ቲሸርቱ አየር ያዘና ከፊቴ ተነፍቶ ተንሳፈፈ። ጀበና ሆኜ ወርጄ ከበሮ ሆኜ ቁጭ። ተጭኜ አየሩን ሳስወጣ ደሞ ገላዬ ላይ ልጥፍ አለብኝ፣ ዋና ልብሱ ብቻውን ከሚያሳየው በላይ ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። ቶሎ ብዬ እስከ አንገቴ ዝቅ አልኩ። እናም ላንጋኖ፣ ላንጋኖን ይባርከው። ሰዎች የሚያነሱለት ቢልሃርዚያ የለበትም ብለው ነው። እኔ የምወደው ደለሉን ነው። ውሃው የወተት ሻይ ነው የሚመስለው፣ እጅሽን አንድ ክንድ ካጠለቅሽ ጣትሽ አይታይም። ከአንገት በታች ማንም ማንንም አያይም። ጀርባዬን ለአለቃችን ሰጥቼ "ጋሼ ውሃው እንዴት ነው?" ስላቸው "በጣም ጥሩ ነው፣ አንቺስ?" አሉኝ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት፣ በክብር።

ችግሩ መውጣቱ ነው። ማንም ቀድሞ መውጣት አልፈለገም። ሰላሳ ሁለት ጭንቅላት ሀይቁ ላይ ተንሳፍፎ ስለ በጀት አመቱ ያወራል። ጣታችን ተጨማደደ፣ ነፋስ መጣ፣ ከንፈራችን ጠቆረ፣ አንድም ሰው ንቅንቅ የለም። ያዳኑን ቡና የሚያፈሉልን ማዘር ናቸው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሸብ አድርገው ውሃው ዳር ቆመው "እናንተ! ጥብሱ ቀዘቀዘ እኮ፣ ሾፌሮቹ ሊጨርሱት ነው!" ሲሉ ነው። ከዛ ማን ስለ ቅርፅ ያስባል፣ ውሃው ተገለበጠ በሉት፣ ቦርጭ ሳይቀር እስከነነፍሱ እየዘለለ ወጣ። እኔም ጎድን በእጄ ስይዝ ቅርፄን ረሳሁት።

በነጋታው የመስሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስልሳ ምናምን ፎቶ ተለቀቀ። አንዱ ላይ ከውሃው ስሮጥ ከኋላ ተነስቻለሁ። ቅርፄ ክፉ አይደለም፣ እንደውም ደህና ነው። ግን ማንገቻው ጋ ከቲሸርቱ አንገት የወጣች አንዲት ነጭ ፕላስቲክ አለች። ከግዢ ክፍል አንዱ ስራ የፈታ አስፍቶ፣ በቀይ ከቦ፣ መልሶ ለጠፋት። ማርከሩ ውሃ አይነካውም ለካ፣ አራቱም ቁጥር ይነበባል።

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም የሳቅ ስቲከር ልኬ ልሸሽ ስል አለቃችን "በመፃፍ ላይ" አሉ። ሲፅፉ፣ ሲያቆሙ፣ ሲፅፉ። መጨረሻ ላይ መጣ፦

"ማመልከቻሽን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ብቅ በይ፣ አስቤዛው ላይ እንነጋገራለን።"