«ደህና ነኝ» ያለውን ተጋጣሚ አትመኑት

ላስ ቬጋስ ቅዳሜ ማታ የሚደረገው የኤም ኤም ኤ (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀሉበት ስፖርት) ፍልሚያ ደሴ የሚደርሰው እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። እንቅልፍ ያጡት ወጣቶች ረፋዱ ላይ ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ከበው ይከራከራሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያጣላቸው አሸናፊው ሳይሆን ፍልሚያውን መሐል ላይ ያቆመው ዳኛ ነው። «ቸኮለ! ሰውየው እኮ ወዲያው ተነሥቷል!» ይላሉ። እኔ ቸኮለ በተባለው ዳኛ በኩል ነኝ።

ወደዚህ አቋም ያመጣኝ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ማሠልጠኛ አዳራሽ ያየሁት ነገር ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው የሚገርመኝ ልጅ አገጩ ላይ እርግጫ አርፎበት ወደቀና ዓይን ሳይርገበገብ ተነሣ። ሁለቱንም እጆቹን ከፍ አድርጎ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አለ። ፊቱን ያዞረው ግን ወደ ግድግዳው ነበር፤ ተጋጣሚው ከጀርባው ቆሟል። አሠልጣኙ አንጓውን ይዞ አስቀመጠው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልጁ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ልምምዱ ተጀመረ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

የተመታ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ዋጋ የለውም የምለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፍራንክ ሚር የቲም ሲልቪያን ክንድ ቆልፎ ሲጠመዝዝ ዳኛው ኸርብ ዲን ፍልሚያውን አቋረጠ። ሲልቪያ ምንም አልሆንኩም ብሎ ተከራከረ፤ ተመልካቹም ተቆጣ። ምስሉ በዝግታ ሲደገም ግን ክንዱ ሲሰበር በግልጽ ታየ።

በቦክስ የወደቀ ሰው እስከ 10 ይቆጠርለታል። በኤም ኤም ኤ ቆጠራ የለም፤ የወደቀውን ተከትሎ መምታት የተፈቀደ ነው፤ ጓንቱም 4 አውንስ ብቻ የሚመዝን ስስ ነገር ነው። በወደቀው ሰውና በሚቀጥለው ቡጢ መካከል ያለው ዳኛው ብቻ ነው። ደንቡ ተጋጣሚው ራሱን በማስተዋል መከላከል ሲያቅተው ፍልሚያው ይቁም ይላል። ፊትን በክንድ ሸፍኖ መተኛት በማስተዋል መከላከል አይደለም። ሳይንቀሳቀስ፣ አቅጣጫ ሳይቀይር፣ ሳይመልስ ሦስት አራት ቡጢ የተቀበለ ሰው አምስተኛውን መጠበቅ የለበትም።

ዳኛ አይሳሳትም አልልም። ያው ኸርብ ዲን እ.ኤ.አ. በ2019 ቤን አስክረን ሮቢ ላውለርን አንገቱን ባነቀው ጊዜ የላውለር ክንድ ሲዝል አይቶ ራሱን ስቷል ብሎ አቆመ፤ ላውለር ግን ወዲያው ተነሥቶ ተቃወመ። በዚህ ስፖርት ብዙዎች ሲያሸንፉ ተጨማሪ ክፍያ ስለሚያገኙ እንዲህ ያለ ስህተት የቤተሰብ እንጀራ ይነካል። ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ ሊደመጥም ይገባዋል። ግን እንደገና መጋጠም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ኒው ዮርክ ውስጥ በቦክስ ፍልሚያ ኤሚል ግሪፊት ቤኒ ፓሬትን ጥግ ላይ አስደግፎ በ12ኛው ዙር ያለማቋረጥ ሲመታው ዳኛው ዘገየ። ፓሬት ከ10 ቀን በኋላ ሞተ።

እኛ አገር ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ መሐል ይገባል። ማን እያሸነፈ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ቸኮልክ የሚለውም የለም። የፍልሚያው ዳኛ እርግጥ እንደ ገላጋይ ገና ከመነሻው ሊገባ አይችልም፤ ሁለቱ ወደውና ፈቅደው ገብተዋል። የፈቀዱት ግን ለመፋለም ነው። አንደኛው መፋለም ካቃተው በኋላ የሚያርፈው ቡጢ በዚያ ፈቃድ ውስጥ የለም።

ለደሴና ለኮምቦልቻ አሠልጣኞች አንድ ልመና አለኝ፤ በውስጥ ግጥሚያችሁ የራሳችሁን ተማሪ ራሳችሁ አትዳኙ። ማሸነፉን የሚመኝለት ሰው አንድ ቡጢ ያህል መዘግየቱ አይቀርም።

ያ ልጅ ከሳምንታት እረፍት በኋላ ወደ ልምምዱ ተመልሷል። ያችን እርግጫ ግን እስከ ዛሬ አያስታውሳትም፤ ከሌላ ሰው አፍ ነው የሰማት።