ይግባኝ ክርክሩን እንደ አዲስ መጀመር አይደለም

አንድ ጸሐፊ በኢንሹራንስ ማጭበርበር ጥፋተኛ የተባለ ሰው «ታሪኩን ለበላይ ፍርድ ቤት እንደገና ያስረዳ» ሲሉ የሰጡት ምክር ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም፣ ብዙዎችን እንዳያሳስት እሰጋለሁ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት በዋናነት የሚመለከተው የሥር ፍርድ ቤቱን (መጀመሪያ የፈረደውን ፍርድ ቤት) መዝገብ ስለሆነ፣ ቅሬታው ፍርዱ የቱ ላይ እንደተሳሳተ ነቅሶ ማሳየት አለበት።

በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 መሠረት ማታለል የሚቋቋመው ተከሳሹ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ ማድረጉ ሲረጋገጥ ነው። ለምሳሌ በካሳ መጠየቂያ ቅጹ ላይ አደጋው የደረሰበት ቀን በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ፣ ከታች የደንበኛው ፊርማ ብቻ ቢገኝ፣ ፍርድ ቤቱም ቅጹን ማን እንደሞላው ሳያጣራ ከፊርማው ብቻ ተነስቶ ተከሳሹ የማታለል ሐሳብ ነበረው ብሎ ከደመደመ፣ የይግባኙ እምብርት መሆን ያለበት ይኸው ነው። ኩባንያው ካሳውን መከልከሉ የውል ጉዳይ ነው፤ ብቻውን ወንጀልን አያስረዳም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን በጊዜ ገደብ የሚቀረው ይግባኝ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለትን ማስታወቅን፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ማመልከቻውን ማቅረብን ይጠይቃል። ከይግባኝ በኋላ የሚቀረው ሰበር ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ስለሆነ፣ ይግባኙ ካመለጠ የማስረጃ ቅሬታ የሚሰማበት ቦታ አይኖርም፤ ስለዚህ የማስረጃ ምዘና ቅሬታ ያለው ቤተሰብ ጠበቃ እስኪያገኝ ሳይጠብቅ ግልባጩን ወዲያውኑ ከመዝገብ ቤት ይጠይቅ።