ሮዝ ጥይት፣ ሮዝ አበባ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ጌም ላይ ነበርኩ፤ ቡሌት ሄል፣ ስክሪኑን በሚሞላ የጥይት ዝናብ መሃል የሚሾለክበት። ሺፍት የሚባለው የኪቦርድ ቁልፍ ላይ የከረመችው ትንሿ ጣቴ ደንዝዛለች። አምስተኛው ስቴጅ፣ ያው የምታውቁት። ቦሷ፣ የስቴጁ ዋና ጠላት፣ የመጨረሻ ካርዷን፣ ማለትም ልዩ የጥይት ጥቃቷን፣ መዘዘች። ከጀርባዋ ያ የሚያምር ዛፍ አበባውን ያረግፋል። አበባው ሮዝ። ሰማዩ ሮዝ። ጥይቱስ? እሱም ሮዝ! መጠኑ እንኳ ከአበባው አይለይም። ሞትኩ። የትኛው እንደገደለኝ እስካሁን አላውቅም። 32ኛዬ ነው፤ ቆጥሬያለሁ።

ስዕሉን እየነቀፍኩ አይደለም። ያን ዛፍ የሳለውን ሰው ባገኘው እጁን እስመዋለሁ። ከበደኝ ብዬም አላለቅስም። ቡሌት ሄል ካልከበደ ምኑን ቡሌት ሄል ሆነ! ግን አይቼው ልሙት። ጥይቱን አይቼ፣ ተሳስቼ፣ በራሴ ጥፋት ልሙት።

ይህንኑ ለጌሙ ሠሪ ጻፍኩለት። በስንት ትህትና! «ወንድሜ፣ ሥራህን በጣም ነው የወደድኩት። አምስተኛው ላይ ግን ጥይቱ ከጀርባው ጋር ይምታታል። ጠርዙን ነጭ ብታደርገው? ወይ ቦሷ ካርድ ስታወጣ ጀርባውን ብታጨልመው?» አልኩት። መልሱ ወዲያው መጣ። «ጌሙ ምንም አልሆነም። እጅሽ ገና ነው። ኢዚ የተሠራው እንዳንቺ ላለው ነው።»

ኢዚ ማለት ቀላሉ የጨዋታ ደረጃ ነው። እጅሽ ገና ነው! እንዳንቺ ላለው! ደጋግሜ አነበብኩት። ባነበብኩት ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

እኔ እኮ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ስድስተኛውን ቶሆ (ታዋቂው የጃፓን ቡሌት ሄል ተከታታይ) በኖርማል፣ በመካከለኛው ደረጃ፣ ያለ ኮንቲኒው፣ ሕይወቴ አልቆ እንደገና ሳልቀጥል፣ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ያ ጌም ሂትቦክስሽን፣ ጥይት ሲነካት የምትሞቺባትን ትንሽ ነጥብ፣ እንኳ አያሳይሽም። በግምት ነው የምትሾልኪው። ሺፍት ስትጫኚ ነጥቧ መታየት የጀመረችው በሚቀጥለው ዓመት በወጣው በሰባተኛው ነው። እዚያ ስንት ሌሊት ሞቻለሁ። ጥይቱ ግን ተደብቆብኝ አያውቅም።

እሺ፣ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ኢዚ ገባሁ። አምስተኛውን አለፍኩ። ደስ ሊለኝ ሲል ስክሪኑ ጠቆረ። «መጨረሻውን ለማየት በኖርማል ይሞክሩ።» አለቀ! ስድስተኛው ስቴጅ የለም። ኢዚ ላይ ታሪኩን አምስተኛው ላይ መቁረጥ በዚያው በ2002ቱ ቶሆም አለ፣ አውቃለሁ። ግን ከወረሱ አይቀር ይህ ነው የሚወረሰው? የቶሆ ፈጣሪ ዙን ስዕሉንም ሙዚቃውንም ኮዱንም ለብቻው ሠርቶ ሲያበቃ አድናቂም የራሱን እንዲሠራ ፈቀደ። ያንን ልግስና ውረሱ እንጂ!

ሲጨንቅ የሚጣለውን ቦምቡንስ አንሱት። ስጥለው የገጸ ባሕሪዋ ስዕል ስክሪኑን ይሞላዋል። ሲያምር! ስዕሉ ሲጠፋ ጥይቱ አፍንጫዬ ሥር ነው። አራተኛው ስቴጅ ላይ ያለው ንግግርም በሞትኩ ቁጥር ከሀ ይጀምራል። አይዘለልም። በቃሌ ይዤዋለሁ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ታሪኩን አለመጨረሴ ነው። ጥይት እኮ ይናገራል። አንደርቴል የሚባለው ጌም ላይ ቶሪየል የምትባለው ገጸ ባሕሪ ስትዋጋሽ፣ ጉልበትሽ ሊያልቅ ሲል እሳቷ ይሸሽሻል። ልትገድልሽ እንደማትፈልግ የሚነግርሽ እሳቱ ራሱ ነው። ይህ ጌምም ያውቅበታል። ሁለተኛው ስቴጅ ላይ ታናሽ እህትየዋ ጥይቷን በክብ ትበትናለች፤ መሃሉ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ ትተዋለች። የእህቷ ቦታ ነው። ሲገባኝ ጌሙን አቁሜ አለቀስኩ። ይህን ያሰበ ሰው ነው «እጅሽ ገና ነው» የሚለኝ።

ባለፈው አንዱ ደግሞ ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ «መጨረሻውን ቪዲዮ ላይ አታዪውም?» አለኝ። አላይም! በጌሙ ታሪክ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ከአንደኛው ስቴጅ ጀምሮ ተሸክሜ የመጣሁት እኔ ነኝ። ለእህቷ የማደርሰውም እኔ ነኝ።

ደክሞኛል። የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ ደብዳቤው ደረሰ? ተዉት፣ አትንገሩኝ። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሼ ልሞክር። 33ኛ።