እርማት፦ ከሥር የተደበቀ ማግኔት አልነበረም

ለገጣፎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ወጣት የፊዚክስ ተመራማሪዎች አንዲትን ማግኔት በፈሳሽ ናይትሮጅን ከቀዘቀዘ ጥቁር ክብ በላይ አየር ላይ አንሳፍፈው አሳይተዋል፤ እርስዎም ስለዚህ ሙከራ ሲጽፉ፣ «ማግኔቷ የተንሳፈፈችው ከሥሯ ሌላ ማግኔት ስለተደበቀ ነው» ብለዋል። ብዙ ሰው የሚጋራው ግምት በመሆኑ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ።

ከሥር የነበረው ጥቁር ክብ ከይትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ፣ ሸክላ መሰል ሱፐርኮንዳክተር (በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እክል የሚያስተላልፍ ቁስ) ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ሳይፈስበት ማግኔት ቢያስቀምጡበት እንደ ማንኛውም ድንጋይ ዝም ብሎ ይሸከማታል። ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ፣ ክቡ ቀዝቅዞ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የመቃወም ባሕርዩ) ይቀንሳል ሳይሆን ጨርሶ ይጠፋል፤ የማግኔቷንም መስክ በከፊል ከውስጡ ያስወጣል። መስክን የማስወጣቱን ባሕርይ ጀርመናውያኑ የፊዚክስ ሊቃውንት ማይስነርና ኦክሰንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1933 በሌሎች ቁሶች ላይ አግኝተውታል። ሾልኮ የገባውን መስክ ግን ክቡ እንደ ቀጫጭን ክር በየቦታው አስሮ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ማግኔቷና ክቡ ሳይነካኩ ተያይዘው ይቆያሉ።

ዋናው ማስረጃም እዚሁ ላይ ነው፦ ከአቅራቢዎቹ አንዷ ተማሪ ማግኔቷን በፕላስቲክ መቆንጠጫ ወደ ላይ ስታነሣ፣ ጥቁሩ ክብ ሳይነካት ከሥሯ ተንጠልጥሎ አብሮ ተነሥቷል። የሚገፋ ማግኔት ቢሆን ኖሮ ጠረጴዛው ላይ በቀረ ነበር።

በእርግጥ አቅራቢዎቹም «ይገፋፋሉ» ብለው በችኮላ ማለፋቸው ለስሕተቱ በር ከፍቷል። ክቡ ሲሞቅ መውደቁን ግን እርስዎም በጽሑፍዎ መዝግበውታል፤ የተደበቀ ማግኔት ቢሆን በክፍሉ ሙቀት ኃይሉን ባላጣ ነበር።